የአፈር ጠባቂዎች በድምፅ ስለሚመረጡባት ስለ አንሰን አገር

የአንድ አገር ሀብት ሲቈጠር ወርቁና ብሩ፣ ከብቱና እህሉ አስቀድሞ ይነገራል፤ እህሉን የሚያበቅለው አፈር ግን ብዙ ጊዜ ከቍጥር ሳይገባ ይቀራል። ወርቅ ቢሰረቅ ባለቤቱ በማግሥቱ ያውቃል፤ አፈር ግን በዝናም ታጥቦ ሲሄድ ባለርስቱ ሳይታወቀው ዘመን ያልፋል፤ የሚታወቀውም ልጁ ርስቱን ተረክቦ ጎተራው በጎደለበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ ይህን ጥፋት አስቀድማ ተረድታ አፈሯን የሚጠብቁላትን ሰዎች በሕዝብ ድምፅ የምትመርጥ አንዲት አውራጃ ስላለች፣ ስለ እርስዋ ያየነውንና የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አውራጃይቱ አንሰን ትባላለች፤ የምትገኘውም በሰሜን ካሮላይና ግዛት በደቡብ ወሰን ላይ ነው። ከሻርሎት ከተማ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ከተጓዝን በኋላ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ዋድስቦሮ ደረስን። ከተማይቱ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በ1900 ዓ.ም. ፀሐይ በጠዋት በጨለመች ጊዜ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ አገር የመጡ የከዋክብት ተመራማሪዎች መነጽራቸውን ተክለው ያዩባት ስፍራ ስለ ሆነች ስሟ በመጻሕፍት ይገኛል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ምድሩ ዝቅ ከፍ የሚል ሆኖ የጥድ ዛፍ ለብሷል፤ መንገድ በተቈረጠበት ሁሉ ግን የአፈሩ መልክ እንደ ሸክላ ቀይ ሆኖ ይታያል። በዚህ መካከል ብራውን ክሪክ የሚባል ወንዝ ቀስ እያለ ይወርድና ለአእዋፍና ለአራዊት በተከለለው ጥብቅ ስፍራ አልፎ ፒ ዲ ከሚባለው ከትልቁ ወንዝ ጋር ይገናኛል።

ይህ ቀይ አፈር በቀድሞ ዘመን ጥጥ ይዘራበት ነበር። ጥጥ በመስመር የሚዘራ ስለ ሆነ በመስመሩና በመስመሩ መካከል ምድሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ኀይለኛ ዝናም በወረደ ጊዜም ጎርፉ የላዩን ለም አፈር ጠርጎ ወደ ወንዝ ይጥለዋል። ይህም ከዓመት ወደ ዓመት ሲደጋገም እርሻው በቦረቦር ተቈራርጦ አራሹ ሌላ መሬት ፍለጋ ይሄድ ነበር።

ሚስተር ሂዩ ሐሞንድ ቤኔት በ1881 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በዋድስቦሮ አጠገብ ከጥጥ ገበሬ ቤት ነው። በልጅነታቸው አባታቸው በእርሻው ላይ እርከን ሲቀይሱ ይረዱ እንደ ነበር ይነገራል። ትምህርታቸውን ጨርሰው በመንግሥት የአፈር መርማሪ ሆነው ሲሠሩ፣ በ1905 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ግዛት ሉዊዛ በሚባል አውራጃ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎች ተመለከቱ። አንደኛው ዱር ነበረና አፈሩ ለስላሳና ርጥበት ያለው ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ዘመን የታረሰ ነበረና አፈሩ ደረቅ ጭንጫ ሆኗል። ሁለቱም ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት አፈር እንደ ነበሩ፣ ልዩነቱንም ያመጣው የላዩ አፈር እንደ ስስ ልብስ ተገፍፎ መሄዱ እንደ ሆነ አስተዋሉ። ከዚያም ጀምሮ ይህን ነገር ለመናገር አልታከቱም፤ በ1928 ዓ.ም. ሸርተቴው ለመላው አገር የሚያሰጋ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከባልንጀራቸው ጋር አሳተሙ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ምክራቸው በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ብዙ ጥፋት በቀረ ነበር።

ምክሩ በሙሉ ልብ የተሰማው አገር ከተጐዳ በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. ከመካከለኛው ሜዳ የተነሣው የአቧራ ማዕበል እስከ ዋሽንግተን ደርሶ ሰማዩን ባጠቆረ ጊዜ፣ ቤኔት በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት ስለ አፈር ጥበቃ ይመሰክሩ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሕጉ ተፈረመ፤ እርሳቸውም የአፈር ጥበቃው መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኑ።

ነገር ግን የማዕከላዊው መንግሥት ባለሙያ ከሩቅ መጥቶ በሰው ርስት ላይ ቢያዝ ገበሬው በቀላሉ አይቀበለውም። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1937 ዓ.ም. መጀመሪያ ለግዛቶቹ ገዥዎች ሁሉ የሕግ ምሳሌ ላኩ። የሕጉም አሳብ የአንድ አካባቢ ባለመሬቶች ተሰብስበው ቢስማሙ የራሳቸውን የአፈር ጥበቃ ቀበሌ ያቋቁሙ፣ ከመካከላቸውም ጉባኤ ይምረጡ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከሁሉ በፊት የተቋቋመው የብራውን ክሪክ ቀበሌ ነው፤ የቤኔት የትውልድ ስፍራም በውስጡ ይገኝ ነበር። ዛሬ በመላው አሜሪካ 3,000 የሚያህሉ እንዲህ ያሉ ቀበሌዎች አሉ። በዚያ ዘመን በደቡቡ ክፍል መሬቱን በላባቸው ከሚያርሱት ጥቁሮች ብዙዎቹ ከምርጫ ተከልክለው እንደ ነበር ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም፤ ይህንን ክልከላ የሚሽር ጽኑ ሕግ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው።

አሁን በሰሜን ካሮላይና ያለው ሥርዓት እንዲህ ነው። ጉባኤው 5 አባሎች አሉት፤ 3ቱን ሕዝቡ ይመርጣል፣ 2ቱን የግዛቱ ኮሚሽን ይሾማል፤ ዘመናቸውም 4 ዓመት ነው። እጩ ለመሆን የሚከፈለው 5 ዶላር ብቻ ነው። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከእጩው ስም አጠገብ የፖለቲካ ማኅበር ስም አይጻፍም። ድምፅ የሚሰጠውም ገበሬው ብቻ አይደለም፤ በአውራጃው መዝገብ የገባ መራጭ ሁሉ፣ ነጋዴውም የከተማውም የቤት እመቤት፣ ድምፁ እኩል ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ያህል ትንሽ ሹመት ምን ይጠቅማል ብለህ እንዳትንቀው። ጉባኤው ገበሬውን አስገድዶ እርከን ሊያሠራው አይችልም፤ ኀይሉ ሁሉ በማስረዳትና በማግባባት ነው። ነገር ግን ገበሬው በፈቃዱ እርከን ለመሥራት፣ ውሃ መውረጃውን ሣር ለማልበስ፣ ወይም ከብቶቹን ከወንዙ ዳር በአጥር ለመለየት ቢፈልግ፣ የግዛቱ መንግሥት ከወጪው እስከ 75 በመቶ ድረስ ይረዳዋል። የሚጠይቀው ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ማን ይቅደም ማን ይቈይ ብሎ የሚወስነው ይህ ጉባኤ ነው። እንግዲህ በዚህ ወንበር ላይ ለዘመዱና ለወዳጁ የሚያደላ ሰው ቢቀመጥ ቦረቦሩ በባሰበት ስፍራ ያለው ድኻ ገበሬ ሳይረዳ ይቀራል። ከላይ ያለው ሰው ጎርፉን ካልገታው ደግሞ ከታች ያለው የሠራው እርከን ይፈርስበታል፤ ውሃ የርስት ድንበር አያውቅምና። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ሰው የአፈርን ጠባይ የሚያውቅ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስማማ፣ በፍርዱም የማያደላ ነው።

እኛን ያሳዘነን ግን ብዙ መራጮች የትልልቆቹን ሹማምንት ስም ከመረጡ በኋላ በወረቀቱ ግርጌ ያለውን የአፈር ጠባቂዎችን ስፍራ ባዶውን መተዋቸው ነው። ስማቸውን ያልሰሙትን መምረጥ ይከብዳቸዋልና። የአገሩ አስተዋዮች ግን እጩውን ሦስት ነገር ይጠይቁታል፤ በገዛ መሬትህ ወይም በቀድሞ ሥራህ አፈርን እንዴት ጠበቅህ፣ ገንዘቡ ባይበቃ ማንን ታስቀድማለህ፣ ዝናም ሲበዛ የከተማው ጎርፍ የት እንዲሄድ ታደርጋለህ ይሉታል።

ይህ ነገር ለወገኖቻችንም የሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተን አጠገብ በቨርጂኒያ በፌርፋክስ አውራጃ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በዚያም የአፈርና የውሃ ጥበቃ ጉባኤ አባሎች በሕዝብ ይመረጣሉ። የዚያን አገር ዜግነት የያዘው ወገናችን ወረቀቱን ሲቀበል ይህን ስፍራ ያገኘዋል። የኮንሶ ሕዝብ አባቶች ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ ደርድረው ተራራውን በእርከን እንዳለበሱ፣ ሥራቸውም በ2011 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እንደ ተጻፈ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን መስመር ባዶውን ሊተወው አይገባም እንላለን።

በቤት ያሉ አባትና እናትም ለልጆቻቸው ይህን ቢያስተምሩ መልካም ነው። ዝናም ባባራ ጊዜ ልጁን ወደ ወንዝ ዳር ወስደው የውሃውን መልክ ያሳዩት። ውሃው ጠርቶ ቢወርድ ከላይ ያለው ሰው ርስቱን ጠብቋል፤ ደፍርሶ ቢወርድ ግን የሚያልፈው የልጅ ልጆቹ እንጀራ ነው። ይህን በልጅነቱ ያየ ሰው፣ በጐለመሰ ጊዜ ለአፈር ጠባቂነት ማንን እንደሚመርጥ አይቸግረውም።