የዘመመች መርከብ

ቡናው እስኪወርድ አንዲት ትንሽ ነገር ላጫውታችሁ። ጠረጴዛ ከበው በምናብ ጀብዱ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን እ.ኤ.አ. በ1974 ካወጡት ወዲህ ወጉ ብዙም አልተለወጠም፤ አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ይተርካል፣ ሌሎቹ «በሩን ከፈትኩ»፣ «ፋኖሱን አነሳሁ» እያሉ ይከተሉታል፣ ነገሩ ያጠራጠረ እንደሆነ ደግሞ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣልና እሱ ይፈርዳል። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ዳይሱ አይደለም። መሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መርከቧ ድንጋይ ላይ ወጥታ ወደ ግራ አዘንብላለች፤ ወለሉ ያንሸራትታል» ሲል የተጫዋቾቹ ትከሻ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንዷማ ብርጭቆዋን ከጠረጴዛው ጠርዝ ሳብ አድርጋ መሀል ታስቀምጣለች። ጠረጴዛው እኮ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው!

መንፈስ የሰፈረባት ስባሪ መርከብ ለዚህ ጨዋታ ተወዳዳሪ የላትም። ቤት ቢሆን በመስኮት ይወጣል። በተገለበጠች መርከብ ግን ግድግዳው ወለል ይሆናል፣ በሩ ከራስ በላይ ይቀራል፣ የባሕሩ ሙላት ሲመለስ ውኃው ከጉልበት ወደ ወገብ ይወጣል፤ እናም ተጫዋቹ ከመንፈሱ ይልቅ ሰዓቱን ይፈራል። የመንፈስን ፍርሃት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዚሁ ጨዋታ የታተመው የሶልትማርሽ ጀብዱ በደንብ ያውቀዋል፦ መንፈስ አለበት የተባለው ቤት የኮንትሮባንዲስቶች መደበቂያ ሆኖ ይገኛል፤ የመርከባቸው ስም ደግሞ «ሲ ጎስት» ነው፣ የባሕር መንፈስ እንደማለት። ሰው የሠራው መንፈስም ቢሆን እግር ያስራል።

ከሁሉ የምወደው ግን ከእውነተኛ መርከብ የመጣውን ወሬ ነው። «ሜሪ ሰለስት» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1872 አትላንቲክ ላይ ያለ ሰው ስትንሳፈፍ ተገኘች። ካፒቴን ብሪግስ፣ ባለቤቱ፣ የ2 ዓመት ልጃቸውና 7 መርከበኞች የሉም፤ ጀልባዋም የለችም። ከኒውዮርክ ወደ ጄኖዋ የጫነችው 1,701 በርሜል አልኮል ግን እዚያው ነው፤ በመዝገቧ የመጨረሻው ጽሑፍ የኅዳር 25 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። በኋላ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ሻይ ተጨመረ። መርከቧ ላይ የወጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ሻይ አላዩም፤ ሆኖም የጨመረው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጥሩ የጨዋታ መሪ ይወጣው ነበር። አጽምና ሰንሰለት ቢደረደር ሰው ይለምደዋል፤ አንዲት የምትጨስ ሲኒ ግን «አሁን፣ ከደቂቃ በፊት፣ እዚህ ማን ነበር?» ታሰኛለች።

ያቺ ብርጭቆዋን የሳበችው ልጅም በጨዋታው ወደ ካፒቴኑ ክፍል የገባች ጊዜ መሪው ስለ አልጋው፣ ስለ ካርታው፣ ስለ ተከፈተው መሳቢያ ሲያወራ ቆየና፣ መጨረሻ ላይ «ሲኒም አለ» ብሎ ዝም አለ። እሷም ሁለት ጣቶቿን ባዶው አየር ላይ ዘርግታ ቆየች።

«ልንካው?» አለች።

«ንኪው።»

ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገቻቸው።