የሊስትሮው ምራቅ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው ጎዳና ሐይቅ ከተማን አቋርጦ ያልፋል። በጎዳናው ዳር ሣጥን አስቀምጠው ጫማ ከሚጠርጉት ልጆች መካከል እኛ የምናስተምራቸውም ይገኛሉ። ከአምባሰል ገጠር ወርደው፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከእናታቸው ቤት እያመላለሱ የሚማሩ ናቸው። የደብተር መግዣቸው የሚገኘው ከብሩሹ ነው።

ከእነዚህ አንዱ አንድ ቀን ወደ እኛ መጣ። የደንበኛውን ጫማ እንትፍ ብሎ ሲወለውል ሰውየው እግሩን ከሣጥኑ ላይ መንጭቆ፣ «አረከስክብኝ! በዚህ እንዴት መስጊድ እሄዳለሁ?» ብሎ ሳይከፍል ሄዷል። ልጁን ያስጨነቀው ግን ብሩ አልነበረም። «ኡስታዝ፣ ምራቅ ነጃሳ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀን።

በመድረሳ ኪታብ ስንቀራ የተማርነውን ነገርነው። የሰው ምራቅ ጧሂር ነው፤ ጫማም ልብስም አያረክስም። ሆኖም ንጹሕ መሆኑ ሌላ፣ የሰው ልብ መጸየፉ ሌላ ነው። ሰውየው የመጸየፍ መብት ነበረው፤ የልጁን የላብ ዋጋ የመከልከል መብት ግን አልነበረውም። ያማረ ልብስና ያማረ ጫማ መውደድ ኩራት ይሆን እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው፣ ኩራት ማለት እውነትን መግፋትና ሰዎችን መናቅ መሆኑን እንዳስረዱ በሙስሊም ሶሒሕ ተዘግቧል። ጫማው በስም ተነሥቶ ነጻ መውጣቱ ሁልጊዜ ደስ ይለናል።

ከዚያ ወደ ሳይንሱ አለፍን። ጫማን የሚያንጸባርቀው ምራቅ ሳይሆን በቀለሙ ውስጥ ያለው ሰም ነው። ቆዳ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችና ሸካራ ገጽ አለው፤ ሰሙ እነዚያን ሞልቶ ሲለሰልስ ብርሃን እንደ መስተዋት ይመለሳል። ውሃና ሰም ስለማይዋሃዱ፣ ጠብታዋ ጨርቁ ሰሙን እየላጠ እንዳያነሣው ታደርጋለች። ምራቅ ከመቶ 99 እጁ ውሃ ነውና ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። በእርግጥ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ፖርቱጋላውያን የቅርስ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት ምራቅ እድፍ በማንሣት ጎበዝ መሆኑ ታይቷል። ይህ ግን ማጽዳት እንጂ ማንጸባረቅ አይደለም። ወታደሮች ቡትስ ጫማቸውን በዚህ ዘዴ ሲያስውቡ የሚደክሙት በአፍንጫውና በተረከዙ ላይ ነው፤ በሚተጣጠፈው በኩል ሰሙ ይሰነጠቃል። ዋናው ምስጢር ቀለሙን በጣም በስሱ መቀባትና በትዕግሥት ደጋግሞ በክብ ማሸት ነው።

የመኪና ነገር ከዚህ ይለያል። በጥድፊያ እንትፍ ብሎ የመኪናውን ቀለም በጨርቅ የሚያሽ ሾፌር አይጠፋም። የመንገዱ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው። በአንድ ጠብታ ምራቅ ሲታሽ ቀለሙን ይፍቃል፤ ጭረቱም ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ይታያል። መኪና በቅድሚያ ብዙ ውሃ ሊፈስበት ይገባል፤ ሰሙ የሚመጣው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው።

ልጁ አሁን በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ውሃ እየቀዳ ከብሩሹ አጠገብ ያስቀምጣል። ደንበኛ እግር እንዲቀይር ሣጥኑን በብሩሹ ጀርባ ቋ ሲያደርግ ውሃው ይደፋበታል፤ መልሶ ይሞላል። ያስቸገረው ሌላ ነው። ጫማውን ከውሃ የሚጠብቀው ሰም በጣቱም ላይ ስለሚጋገር የውዱእ ውሃ ወደ ቆዳው እንዳይደርስ ይከለክላል። የቀለሙ ጥቁረት ብቻ ቢቀር አይጎዳም፤ ሰሙ ግን መነሣት አለበት። ስለዚህ ዙህር ሲቃረብ ከጓደኞቹ ቀድሞ ሣጥኑን ይዘጋና ቁራጭ ሳሙና ይዞ ጥፍሩን ሲፈትግ ይገኛል።