ነርሷ ለትምህርት ስትሄድ

«ነርስ ከሆንሽ ወዲያ ደግሞ ምን ትማሪያለሽ?» የሚለው ጥያቄ የስንቶቻችሁን ጆሮ አሰልችቶ ይሆን? ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እናቴም ጠይቃኛለች። ሁለት ልጆች ወልዶ፣ ደመወዝ እየበሉ፣ እንደገና ደብተር ማንሣት ምን የሚሉት ነው ብላ ነው።

የምሠራው ኦሞራቴ ነው። ለማታውቁት፣ ከጂንካ ተነሥቶ ቱርሚን ያለፈ መንገደኛ ወደ ኬንያ ድንበር ሲቃረብ የሚያገኛት፣ በኦሞ ወንዝ ዳር የተቀመጠች የዳሰነች ወረዳ ከተማ ናት። ሙቀቷን አታንሡት። ወንዙ ሲሞላ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ እንደታየው፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይፈናቀላል። ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም በታችኛው ኦሞ የታወቀ በሽታ ነው። ታዲያ እዚህ ያለች ነርስ መርፌ ወጊ ብቻ ሆና ልትቀር ትችላለች? አዋላጅም፣ መካሪም፣ መዝገብ ያዥም እርሷው ናት። ትምህርቱ ለማዕረግ ነው የሚለኝ ሰው አንድ ሌሊት አብሮኝ ተረኛ ሆኖ ቢያድር እወድ ነበር።

መንገዱ እንዲህ ነው። በደረጃ 4 የሠለጠነች ነርስ አስቀድማ የመጀመሪያ ዲግሪዋን መያዝ አለባት። ዲግሪ ያላት ደግሞ ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባታል። ከትምህርት ቤት ከወጣች አሥር ዓመት የሆናት እናት ልጆቿን አስተኝታ የእነርሱኑ የሒሳብ መጽሐፍ ብትገልጥ የሚያሳፍር አይደለም። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ መብራት ካለ።

ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በራሱ በነርሲንግ ሙያ፣ በአዋቂዎች ወይም በሕፃናት ጤና እንደ ምርጫችሁ መቀጠል ነው፤ አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። ሁለተኛው የኅብረተሰብ ጤና ነው፤ ይህ ለእኛ በሚቀርበው በአርባ ምንጭም አለ። ብዙ ባልደረቦቼ ሁለተኛውን ይመርጣሉ። የቢሮና የፕሮጀክት በር ስለሚከፍት አልፈርድባቸውም፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ያውቀዋል። ሆኖም ሁለተኛ ዲግሪ ይዛ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የቀረች ነርስ እንደ ተሸነፈች መቆጠሯ አይዋጥልኝም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የማኅበረሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር ያሠለጠነው፣ አንድ ላይ ሆነው ጤና ጣቢያ እንዲያቆሙ ነበር።

ከፈተናው የሚከብደው ግን የፈቃዱ ደብዳቤ ነው። አንዲት ጓደኛዬ በሌላ ወረዳ ፈተናዋን አልፋ «ተተኪ የለሽም» ተብላ ቀርታለች። ተተኪ አለመኖሩ ውሸት አይደለም፤ እርሷ ስትሄድ የአዳር ተራው በቀሩት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እህቶቼ፣ ጥያቄያችሁን ከፈተናው በኋላ ሳይሆን ዓመቱ ሲጀመር በጽሑፍ አቅርቡ፤ ከባልደረቦቻችሁም ጋር በተራ ለመሄድ ተስማሙ። ደመወዝ ይቀጥል እንደሆነ፣ ስትመለሱ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለባችሁ ውሉን አንብባችሁ ፈርሙ።

የመመረቂያ ጽሑፉንም ከአሁኑ አስቡበት። የካላዛር ሕክምና በተለምዶ 17 ቀናት በተከታታይ መርፌ መወጋትን የሚጠይቅ ነው። ከብቱን ትቶ የመጣ አርብቶ አደር ያን ያህል ቀን እንዴት ይቀመጣል? ስንቱስ አቋርጦ ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ሕሙማኑን በስማቸው የምታውቅ ነርስ ብትጠይቀው ግን መልሱ ተመልሶ ለእነርሱው ይጠቅማል። እኔ ማስታወሻ መያዝ ጀምሬአለሁ።

የልጆቹ ነገር ቀርቶናል። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ትልቋን እኔ ጋር ተዪያት ይላል። እናቴ በበኩሏ፣ ነገሩን ብትቃወምም፣ ታናሹን ጂንካ ወስዳ ልታሳድገው ተዘጋጅታለች። ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ይዤው ልሂድ ወይስ ለእርሷ ልስጠው? የሄዳችሁበት እናቶች ካላችሁ፣ እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?