ስሟ ሲሻር፣ ስሟ ሲመለስ

ቬጽፒየባልጋን በላትቪያ ካርታ ላይ ለማግኘት ጎንበስ ብሎ መፈለግ ያሻል። የቪድዜሜ ደጋ በሚባለው ምድር፣ በኮረብቶችና በሐይቆች መካከል የተቀመጠች የገጠር ቀበሌ ናት። ደጋ ይበሉት እንጂ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ጋይዚንካልንስ ራሱ 312 ሜትር ብቻ ነው፤ የእኛ ሰው ቢያየው ጉብታ ብሎ ያልፈው ነበር። «ቀበሌ» ያልሁትም እነርሱ «ፓጋስትስ» ለሚሉት ቃል የቀረበ ስም ባጣ ነው።

ወደዚህች ስፍራ የሳበኝ የካርታ ፍቅር ነው። አባቴ ባቆያቸው ወረቀቶች ላይ የተጻፈው አውራጃ ዛሬ የለም፤ ምድሩ ግን አለ። ስለዚህም ስማቸው ሲሻርና ሲመለስ የኖሩ ቦታዎችን ታሪክ ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም።

በላትቪያ ምድር ብቻ ከሚፈሱት ወንዞች ረጅሙ፣ 452 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ጋውያ፣ የሚነሣው በዚሁ አካባቢ ከኤልካ ኮረብታ ነው። ወደ ምሥራቅ ይሄድና ወደ ሰሜን ታጥፎ የኢስቶኒያን ድንበር ይታከካል፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ ተመልሶ በጼሲስ ከተማ አጠገብ አልፎ ከሪጋ ባሕረ ሰላጤ ይገባል።

የዚህ አገር ገበሬ በ1819 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከባላባት ንብረትነት ነጻ ሲወጣ መሬት አልተሰጠውም። በ1866 የወጣው ሕግ ደግሞ የቀበሌውን አስተዳደር ከባላባቱ እጅ አውጥቶ ለገበሬዎቹ ሸንጎ ሰጠ። መሬቱ ተለክቶ ለሽያጭ ሊቀርብ ሲል ቀያሾች መጡ፤ ከቀያሾቹም ጋር ጉቦና ምቀኝነት መጣ። የአካባቢው ተወላጆች የሆኑት ወንድማማቾች ሬይኒስና ማቲስ ካውድዚቴ ይህን ጉድ በ1879 «የቀያሾች ዘመን» ብለው አሳተሙት። በላትቪያ ቋንቋ የመጀመሪያው ትልቅ ልብ ወለድ ይባላል። የአንድ ሕዝብ ልብ ወለድ በገመድና በካስማ መጀመሩ ይደንቀኛል።

እስቲ በ1935 እዚህ የተወለደች አንዲት ሴት እናስብ፤ ከቤቷም አልተነሣችም እንበል። በማርች 1949 ከ42,000 የሚበልጡ የላትቪያ ሰዎች ሲጋዙ፣ ከቤት አለመነሣት ራሱ ዕድል ነበር። በሕፃንነቷ አገሯ ነጻ ሪፐብሊክ ናት። በ1940 ሶቪየት፣ በ1941 ናዚ ጀርመን፣ ከዚያ ደግሞ ሶቪየት ተመልሶ ገባ። በ1945 የመንደር ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ በ1949 መጨረሻ ቀበሌ የሚባለው ነገር ከሕግ ተሰረዘ። በ1990 ሲመለስ ዕድሜዋ 55 ሆኗል። በ2009 አምስት ቀበሌዎች ተጣምረው በቬጽፒየባልጋ ስም አንድ ማዘጋጃ ሆኑ። በጁላይ 2021 ያም ፈርሶ ከጼሲስ ማዘጋጃ ጋር ተጠቃለለ።

የመጠቅለሉን ምክንያት አልክድም። በ1990 ገደማ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ የነበረው የላትቪያ ሕዝብ በ2021 ከ1.9 ሚሊዮን በታች ወርዷል፤ ሰው ከሌለ ጽሕፈት ቤት ማብዛት ምን ይረባል? ነገር ግን የ1866ቱ ሸንጎ የሰጠው ጽሕፈት ቤት ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤትን ጉዳይ ጎረቤት እንዲቆርጠው ነበር። ቬጽፒየባልጋ ዛሬም በቀበሌነት ስሟ አለች፤ ምክር ቤቱ ግን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በጼሲስ ይቀመጣል። ያቺ ሴት ስለ ደጇ መንገድ ልትናገር ብትሻ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት በእግሯ ትደርስበት ወደነበረው ስብሰባ ለመሄድ አሁን መኪና ያለው ዘመድ መለመን ይኖርባታል።