ከዚያስ?

እኔ ገበሬ ነኝ። ማታ፣ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ ታሪክ እጽፋለሁ። የሚከፍለኝ የለም። «ታዲያ ምን ይጠቅምሃል?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ።

ሰው አስቦ የፈጠረው ታሪክ ልብ ወለድ ይባላል። ልብ የወለደው ማለት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ከተማ ታተመ። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ።

የኔ ታሪክ በደብተር ነው። ልጄ ገና በልጅነቷ ሞታብኛለች። በደብተሬ ግን አድጋለች፤ ገበያ ወጥታ በበግ ዋጋ ትከራከራለች። ለእናቷ ሳነብላት እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች። በማግስቱ አንድ ገጽ እጨምራለሁ።

ጥቅሙ ይኸው ነው። እናንተም ፊደል ቆጥራችኋል። ማታ ማታ ጥቂት መስመር ጻፉ፤ ለቤተሰብ አንብቡ። «ከዚያስ?» የሚል አይጠፋም።