አራት ወደ ግራ፣ ሦስት ወደ ቀኝ

ቁልፍ መክፈት የተማርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነት ነው። ቁልፍ ስላችሁ ደግሞ የበር ቁልፍ አይደለም። የካዝና ነው። ያ ክብ መዘውር ያለው፣ ዙሪያውን ከ0 እስከ 99 ቁጥር የተጻፈበት፣ ፊልም ላይ ሌቦች ጆሯቸውን ለጥፈው የሚያዳምጡት ዓይነት።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር በተያያዘችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያኔ ከአንድ ወዳጄ ጋር በሽርክና ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረን። በ2017 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ) አንድ ማታ ልንዘጋ ስንል ሁለት ወጣቶች ገብተው ሽጉጥ ደቀኑብን። የዕለቱን ገቢ አንሥተን ሰጠናቸው፤ ወጥተው ሄዱ። ማንም አልተነካም። ወዳጄ በማግሥቱ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋኝ። ማቀዝቀዣው ድምፅ ባሰማ ቁጥር ከአልጋዬ እዘላለሁ።

እናላችሁ፣ ሽጉጥ ልግዛ አልኩ። የተዘረፍኩት ሱቅ ውስጥ፣ ሽጉጡን የገዛሁት ለቤቴ! ፍርሃት አድራሻ አይለይም። ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ እንደ ሽንኩርት ተመዝኖ አይሸጥም። ከ2013 ጀምሮ ገዢው መጀመሪያ የብቃት ፈቃድ ማውጣት አለበት። የአራት ሰዓት ትምህርት ተማርኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ከዚያም ሰባት ቀን ጠበቅሁ።

ባለቤቴ ይሄን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ቆይታ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ ነገር ትራስ ሥር አያድርም። እሱ ከገባ ማደሪያውም አብሮት ይግባ።» ወንዱ ልጃችን ዘጠኝ፣ ሴቷ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መሣሪያ ማስቀመጥ ያስጠይቃል። ያኔ ከ16 ዓመት በታች ላሉት ነበር፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ደግሞ 18 ሆኗል።

ካዝናውን ከአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ በርካሽ ገዛሁት። ክብደቱ አራት ወንድ የሚያስለቅስ ነው። ምድር ቤት አስገብተን ወለሉ ላይ በብሎን አሰርነው። ሰውዬው ሦስት ቁጥሮች የጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ፤ ከሥሯ «4 ግራ፣ 3 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 1 ቀኝ» ትላለች። ይኼው ነው። እኔም አራት ክፍል ሒሳብ አስተማሪዎቼን እያመሰገንኩ ሥራ ጀመርኩ።

አልከፈት አለኝ።

ሁለት ማታ ሙሉ ተንበርክኬ አዞርኩት። ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ስትወርድ ቆም ብላ አየችኝና፣ «ምነው፣ የጀርመን ድምፅን አጣኸው?» ብላኝ አለፈች። ልክ ነበረች። አያቴ የእንጨት ሬዲዮናቸውን ይዘው በአጭር ሞገድ ጣቢያ ሲፈልጉ እንደዚያ ነበር የሚሆኑት። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ትንሽ ወደፊት። ለካስ ጥፋቴ እሱው ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን እጄን ሰጥቼ ቁልፍ ሠሪ ጠራሁ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ወረቀቷን አየ፣ መዘውሩን ያዘ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከፈተው። አፈርኩ። እሱ ግን አልሳቀብኝም። የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈትቶ አሳየኝ።

ከመዘውሩ በስተጀርባ ሦስት ጠፍጣፋ ክቦች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ጠርዙ ላይ አንድ ጥርብ ክፍተት አለው። ከበላያቸው ትንሽ የብረት ዘንግ ተቀምጣለች። ሦስቱ ክፍተቶች በአንድ መስመር ሲገጥሙ ዘንጓ እነሱ ውስጥ ትወድቃለች፤ መቀርቀሪያው ይለቃል። መጀመሪያ አራት ጊዜ ወደ ግራ የሚዞረው ሦስቱንም ሰብስቦ ይዞ ለመሄድ ነው። ከዚያ አንዱን ቦታው ላይ ትቶ ሁለቱን ይዞ ወደ ቀኝ፤ ሁለተኛውን ትቶ ሦስተኛውን ይዞ እንደገና ወደ ግራ። የመጨረሻዋ ወደ ቀኝ መቀርቀሪያውን የምትስበው ናት።

«አራት ጊዜ» ማለትም አራት ሙሉ ዙር ማለት አይደለም። ቁጥሩ ምልክቱ ፊት ለአራተኛ ጊዜ ሲደርስ ማለት ነው። እኔ አንድ ዙር እጨምር ነበር። ዋናው ጥፋቴ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩን ትንሽ ሳልፈው እንደ ሬዲዮ ወደኋላ እመልሰዋለሁ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «ካለፍከው አልፈኸዋል» አለኝ። «እጅህ ይመለሳል፤ ክቡ ግን አብሮህ አይመለስም። ያለፍክበት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምር።»

የድሮውን ቁጥር ቀየረልኝ። የልደት ቀን አታድርግ አለኝ፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ከ0 እስከ 20 ካለው ውስጥ አትምረጥ፤ ቁልፉ አሠራሩ አይፈቅድም። አዲሱን ቁጥር በሩ ክፍት እንዳለ ደጋግመህ ሳትሞክር አትዝጋ። ስትዘጋ ደግሞ መዘውሩን አሽከርክረው፤ አለዚያ ግማሹን ከፍተህ ነው የሄድከው። አሥር ጊዜ አስከፈተኝ። በአሥረኛው ላይ ዘንጓ ስትወድቅ እጄ ላይ ተሰማኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ደስታው ግን አላደረም። ማታ ጋደም ስል ፍርሃቴ መጣና ጠየቀኝ። ሌባ ቢገባስ? እሱ በሩን ሲገነጥል አንተ «አንድ፣ ሁለት» እያልክ ልትቆጥር ነው? መልስ አልነበረኝም። አልዋሻችሁም፣ ለተወሰነ ጊዜ ያንን ቁልፍ ሠሪው አታድርግ ያለኝን አደረግሁ። ከዘጋሁ በኋላ መዘውሩን ሳላሽከረክር የመጨረሻው ቁጥር ላይ እተወዋለሁ፤ አንዴ ወደ ቀኝ ዞር ሲያደርጉት ይከፈታል። ባለቤቴ ደረሰችብኝ። ምንም ሳትል ሄዳ አሽከረከረችው።

አንድ እሑድ ለእናቴ ደውዬ ይሄን ሁሉ አጫወትኳት። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ገጠር ነው የምትኖረው። ስለ ሦስቱ ክቦች፣ ስለ ዘንጓ፣ ስለ ከመጀመሪያው ጀምር አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ ልጄ፣ የኔ ጎታ ምን ጎደለው?» ብላ ሳቀች።

ጎታው! ረስቼው ነበር።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአያቴ የወረሰው ምንሽር ነበረው። ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው። ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ አይወርድም። ጥይቱን ግን እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ከጎታው ሥር፣ ከጤፉ በታች ነበር የምታኖረው። ለምን እንደሆነ አንጠይቅም። ሰባት ዓመት ገደማ ሳለሁ አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ተጣላ። ዓይኑ ደም ለብሶ ሮጦ ገባ፣ ምንሽሩን አወረደ፣ «አንቺ፣ ጥይቱን አምጪ!» አለ። እናቴ አልተሟገተችም፣ እግሩ ላይም አልወደቀችም። ምጣዷን እያሰሰች፣ «ከጎታው ነው፤ አውጥተህ ውሰድ» አለችው።

አባቴ እጁን እስከ ብብቱ ጤፍ ውስጥ ከተተ። አልደረሰም። በቁና እየዛቀ ወለሉ ላይ መገልበጥ ጀመረ። እየዛቀ ይሳደባል፣ እየተሳደበ ይዝቃል። ጤፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በዛቁት ቁጥር ከጎን እየተናደ ይሞላል። እናቴ በዚህ መሀል ታላቅ እህቴን በጓሮ ልካ ሽማግሌዎቹን አስጠርታለች። ሲደርሱ አባቴ ወገቡ ድረስ ጤፍ ለብሶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ቁናውን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ንዴቱ የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲስቁ እሱም ሳቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ያን ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ እስኪመሽ ጤፍ ለቀመ። ማንም ግን አልሞተ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የቁጥር ቁልፍን ጥበብ ግን ከፋብሪካው እኩል ታውቀው ነበር። አልከለከለችውም እኮ። አዘገየችው እንጂ።

ይሄን ታሪክ ለራሴ የምፈልገው አልመሰለኝም ነበር። ሦስት ዓመት ቆየና 2020 መጣ። በኮሮናው ሱቁ ተዘጋ፤ ሽሪኬ ወጣ፤ ዕዳው እኔ ላይ ቀረ። የቤት ኪራይ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የባንክ ብድር። ሰው ሲደውል «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ለባለቤቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳት። ወንድ ልጅ እንዴት ይናገራል?

በዚያ ክረምት አንድ ሌሊት ምድር ቤት ወረድኩ። ሌባ አልመጣም፣ ኮሽታም አልሰማሁም። ለምን እንደወረድኩ ግን አውቃለሁ፤ እናንተም ገብቷችኋል። ተንበርክኬ መዘውሩን ያዝኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራት ወደ ግራ፤ አለፍኩት። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ቆጠራው ጠፋኝ። እንደገና ከመጀመሪያው። በሦስተኛው ሙከራ መሀል ላይ ከፎቅ የልጄ ሳል ተሰማ፤ ደረቅ፣ ደጋግሞ የሚይዛት የክረምት ሳል። እጄ ቆመ። ውኃ ትፈልግ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ተነሥቼ ውኃ ወሰድኩላት። ጠጥታ ተኛች። እኔ እስኪነጋ ከአልጋዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጠዋት ለባለቤቴ ነገርኳት። ምድር ተከፍቶ ቢውጠኝ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልመከረችኝም። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ስልክ አነሣች። መጀመሪያ ለሐኪም፣ ቀጥሎ ለዚያ ቁልፍ ሠሪ። ሰውዬው ጭንብሉን አድርጎ ሲመጣ፣ «አንተ ሄደህ ዳቦ ገዝተህ ና» አለችኝ። ዳቦውን ይዤ ስመለስ ቁጥሩ ተቀይሯል። እስከ ዛሬ አላውቀውም። አልጠየቅኋትም።

በኋላ ቁጥሮቹን አየሁ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው! እኔ ካዝና የገዛሁት ከልጆቼ ልጠብቀው፣ ሽጉጡን የገዛሁት ከሌባ ልጠበቅበት ነበር። ከራሴ እንደምጠበቅበት ማን አሰበ? ብዙ ጊዜ ያ ክፉ ሐሳብ እንደ አባቴ ንዴት ነው፤ ይመጣል፣ ያልፋል። ጥያቄው ሲመጣ እጃችን ምን ያህል ፈጥኖ ይደርሳል የሚለው ነው።

እኛ አበሾች ተገናኝተን የማንጠያየቀው ነገር የለም፤ ደመወዝ፣ የቤት ዋጋ፣ የልጆች ውጤት። «ቤታችሁ መሣሪያ አለ? የት ነው የሚያድረው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ልጆቻችን እየተጠራሩ በሚያድሩባቸው ቤቶች እንኳ አንጠይቅም፤ ነውር ይመስለናል። «አንተስ እንዴት ነህ፣ ከምርህ?» ማለትም እንደዚያው ነውር ሆኗል። ለማንም መንገር ላቃተው ከጁላይ 2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ 988 ብሎ መደወል ይቻላል። የሚያነሣው ሰው ስም አያውቅም፤ ወሬም አያወጣም።

ወንዱ ልጄ ዛሬ በቁመት በልጦኛል። ባለፈው ሰሞን ምድር ቤት ዕቃ ስናነሣ ካዝናውን በእግሩ ነካ አደረገና፣ «አባዬ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ።

«እኔም አላውቀውም» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ፤ ከአያቱ ጎታ ነው የምጀምርለት።