የባልሳ ማማ በሜሪላንድ

የእህቴ ልጅ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በየጉብታው «እማ፣ ቀስ!» እያለች እናቷን ታስጨንቃለች። ገና አልነጋም። ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሣነው መስታወቱ ላይ የተጋገረውን በረዶ በባንክ ካርድ ፍቀን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ጥጥ የተነጠፈለት አንድ ማማ ተኝቷል። ባልሳ ከሚባል እንጨት ስንጥር ተሠርቶ በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ሲሆን ቁመቱ ክንድ ያህላል፤ ክብደቱ ግን ከሁለት የአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም። ይህ ነገር ዐሥራ አምስት ኪሎ አሸዋ ይሸከማል ስባል አላመንኩም። ደሴ ላይ 19 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ አለማመኔ እኔኑ አሳፈረኝ።

የመጣሁት እህቴን ልጠይቅ፣ ለሦስት ወር ነው። እሷ ግን እኔን ሳታማክር በበጎ ፈቃደኝነት አስመዝግባኛለች። «ጋሼ፣ ወላጅ ካልረዳ ውድድሩ አይካሄድም፤ አንተ ደግሞ ቤት ተቀምጠህ ከቴሌቪዥኑ ጋር ከምትጣላ» አለች። እውነቷን ነው። ሳይንስ ኦሎምፒያድ የሚሉት ይህ ውድድር በ1984 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ የቆመው በእንዲህ ዓይነት ሰው ትከሻ ነው፦ ቅዳሜውን በሰጠ መምህር፣ በወላጅ፣ ድሮ ተወዳድሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በገባና ፈተና ለማውጣት በተመለሰ ወጣት። በሩ ላይ ስሜ በስህተት የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለና ወደ ማማው ክፍል ተላክሁ።

ሥራዬ ሚዛን ነው። ማማው ሲመጣ እመዝነዋለሁ። ሁለቱ ልጆች የዓይን መከላከያ መነጽር ያደርጉና መሐሉ የተቦረቦረ ጠረጴዛ ላይ ያቆሙታል። በአናቱ ትንሽ ጠርብ ይጋደማል፤ ከጠርቡ ሰንሰለት በማማው ሆድ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሰንሰለቱ ጫፍ ባልዲ ይንጠለጠላል። ከዚያ አሸዋውን ራሳቸው ያፈሳሉ። አንዱ ሲያፈስ ሌላው ባልዲው እንዳይወዛወዝ በዱላ ይደግፋል። ክፍሉ ጭጭ ይላል፤ አሸዋው ብቻ ሽሽሽ ይላል። ድንገት ቋ! ባልዲው ዱብ፣ ስንጥሩ ብትን። አንዳንዱ ይስቃል። አንዷ ትንሽ ልጅ መነጽሯን ሳታወልቅ አለቀሰችና መነጽሩ ጉም ለበሰ።

ሁለት ወንዶች ልጆች ጠንከር ያለ ማማ ይዘው መጡ፤ 20 ግራም። አሸዋው ዐሥራ አምስት ኪሎ ደረሰ፣ ማማው ንቅንቅ አላለም። ጮኹ፣ ተቃቀፉ፤ እኔም ላጨበጭብ እጄን አነሣሁ። ቀጥሎ የመጣው ማማ 10 ግራም ነበር፤ 11 ኪሎ ላይ ተሰበረ። ልጆቹ ግን አላዘኑም፣ ፈገግ ብለው ስብርባሪውን ለቀሙ። የሚቆጠረው የተሸከመው ለራሱ ክብደት ተካፍሎ ነው። የመጀመሪያው 750፣ ሁለተኛው 1100። ከዐሥራ አምስት ኪሎ በላይ የሚቆጠር የለም፤ ስለዚህ ሳይሰበር የቀረ ማማ ከሚያስፈልገው በላይ ከብዷል ማለት ነው። ስንት ዓመት ስለ ኃይልና ስለ ክብደት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ ለየትኛው ማጨብጨብ እንዳለብኝ የነገረኝ ግን የ13 ዓመት ልጅ ፊት ነው። የእህቴ ልጅ ቡድን ተራ ሲደርስ ሚዛኑን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ኮሪደር ወጣሁ። ዘመድ ነኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ያልገባኝ የነጥቡ ነገር ነበር። አንድ ቡድን 15 ልጆች አሉት፤ የውድድሩ ዓይነት 23 ነው። አብዛኛውን ሁለት ሁለት ሆነው ይገቡበታል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ሦስት ወይም አራት ይይዛል። አንዷ ስለ ነፍሳት ተፈትና ወጥታ ስለ ወረርሽኝ አመጣጥ ልትመረምር ትሮጣለች። በየዓይነቱ አንደኛ የወጣ 1፣ ሁለተኛ የወጣ 2 እያለ ይሄዳል፤ ሃያ ሦስቱ ይደመሩና ትንሹን ድምር ያገኘ ያሸንፋል። ያን ቀን 36 ቡድን ነበር። በአንዱ ዓይነት ጨርሶ ያልቀረበ ቡድን በቡድኖቹ ብዛት ላይ አንድ ተጨምሮ 37 ይጻፍበታል። እንግዲህ አንድ ብርቅ ልጅ ሦስት ሜዳሊያ ቢያመጣ የሚቆጥበው ጥቂት ነው፤ አንድ ክፍል ባዶ ከቀረ ግን ያ ሁሉ ይጠፋል።

እኛ ዘንድ ስንት ጊዜ «ተባበሩ» ተብሏል! አንድ ለአምስት ብለን ልጆቹን አቧድነናል፤ ካርዱ ላይ ግን ከስድሳው ስንተኛ እንደወጣ የምንጽፈው ለየብቻው ነው። ልጅ ምክራችንን ሳይሆን ሒሳባችንን ያያል። እዚህ ስለ መተባበር ሲሰበክ አልሰማሁም፤ የነጥቡ አቆጣጠር ራሱ አሠልጣኙን ደካማውን ልጅ ፍለጋ ይሰደዋል።

የወላጆች ቀን የጥያቄና መልስ ውድድር ትዝ አለኝ። አራት ልጅ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል፤ የሚመልሰው አንዱ ነው። ሦስቱ የጠረጴዛው ጌጥ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ እኩል ግማሽ ደርዘን ደብተር ይወስዳሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከጌጦቹ አንዱ ነበርኩ። ደርሼ መምህር ስሆን ደግሞ ለሦስት ዓመት ያንኑ አንድ ጎበዝ ልጅ እያስቀመጥኩ ሌሎቹን ከጎኑ ደረደርኩ። ያ ልጅ ቢታመምብኝ ምን እሆን እንደነበር አንድ ቀንም አላሰብኩም።

ምሳ ላይ እህቴ ያመጣችውን ዳቦ ቆሎ ልጆቹ እየተሻሙ ሲበሉ፣ የእህቴ ልጅና ጓደኛዋ ተኳርፈው ነበር። እሱ ወላጆቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ፣ ዝም ያለ ልጅ ነው። ሁለቱ የገቡበት ዓይነት «ጻፈው፣ ሥራው» እንደማለት ነው። እሷ ከገለባ፣ ከጥርስ እንጨትና ከወረቀት መያዣ የተሠራ ውጥንቅጥ ነገር ታይና በ25 ደቂቃ ውስጥ በቃል ብቻ ትገልጸዋለች፤ ሥዕል የተከለከለ ነው። እሱ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ዕቃውን ሳያይ፣ ጽሑፏን ብቻ ይዞ በ20 ደቂቃ ይገነባዋል። እሷ «ከጎኑ ቀዩን ገለባ ሰካ» ብላለች። በየትኛው ጎን? ለማን ቀኝ፣ ለማን ግራ? እሱ በወዲያኛው ሰካው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተገለበጠ።

«ግልጽ እኮ ነው ጋሼ!» ትለኛለች። እናቷ የምትጠራኝን ሰምታ ነው ጋሼ የምትለኝ። አንብቢልኝ አልኳት፤ ተረጎመችልኝ፤ እኔም በወዲያኛው ጎን ሰካሁት። ቅኔ ቤት ቢሆን ለሁለት የሚፈታ ቃል በማግኘቷ ትመሰገን ነበር። እኛ ሰምና ወርቅ የምንኮራበት ሕዝብ ነን፤ እዚህ የሚፈለገው ግን ወርቅ የሌለው ሰም ብቻ ነው። ኩርፊያው አልቆየም። ዳቦ ቆሎው ሊያልቅ ሲል እሱ በወረቀት ጽዋ ደብቆ አቆየላት።

ማታ ጂምናዚየሙ ውስጥ ሽልማት ተሰጠ። ማማቸው አራተኛ ወጣ፤ ቡድኑ ግን ዐሥራ ሁለተኛ። አንድ 37 አለባቸው፦ ሁለት ልጆች በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ ተመድበው ኖሮ አንዱ ክፍል ባዶ ቀርቷል። ፕሮግራሙን ያወጣው አሠልጣኝ ተነሥቶ «የኔ ጥፋት ነው» አለና ተቀመጠ። ልጆቹ ፒዛ የት እንደሚበሉ መከራከር ቀጠሉ።

እኔ የማማውን ክፍል የምትመራዋን ሴት ዕቃዎቹን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ባልዲ፣ ሰንሰለት፣ ጠርብ፣ አሸዋ። አሸዋ ደሴም ሞልቷል። የግራም ሚዛን ከወርቅ ቤት መዋስ ይቻላል። ባልሳ የለንም፤ የአገው ምድር ቀርከሃ በስሱ ቢሰነጠቅ ምን ያህል ይሸከም ይሆን እያልኩ በኤንቬሎፕ ጀርባ ሳሰላ መኪናው ውስጥ ገባን። ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷታል። የተሰበረውን ማማ ጠይቄ ሰጥታኛለች፤ የታችኛው መጋጠሚያ ቀድሞ እንደለቀቀ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ይሄን ስብርባሪ ሻንጣህ ውስጥ ከትተህ ልትሄድ ነው?» አለች እህቴ በመስታወቱ እያየችኝ። «ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ነው የሚፈቀድልህ፤ የነእትዬን ጫማ የት ልታደርገው ነው?»

«ዐሥር ግራም ነው» አልኳት።